ለአባቴ ውሻ የሰፋሁት መኝታ

ዛሬ እናቴ የአባቴን ጋቢ ከሳጥን አውጥታ "ይኸን ለቡላ ቅደጅለት" አለችኝ።

ቡላ የአባቴ ውሻ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከግቢው በር አልተነሣም። አርጅቷል፤ ሽንቱንም መቆጣጠር አቅቶታል። የብቸና ክረምት ደግሞ እርጥብ መሬት ላይ ለሚተኛ አይራራም።

ስለዚህ የሚታጠብ መኝታ መስፋት ጀመርሁለት። መጀመሪያ ያሰብሁት ስፖንጅ ነበር። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን፣ ሽማግሌ ናቸው፣ "ስፖንጅ ይመጥጣል፤ በዚህ ዝናብ አይደርቅልሽም፣ ይሸታል" አሉኝ። ለልባሱ ያሰብሁት ጂንስም ቶሎ አይደርቅም። በመጨረሻ ከሥር ላስቲክ፣ ከላይ በዚፕ እየወለቀ የሚታጠብ አሮጌ አንሶላ አደረግሁ። የቀረኝ ውስጡን የምሞላበት ነበር።

ጋቢውን ሳይ መቀሱን መልሼ አስቀመጥሁ።

"እማዬ፣ የሟች ጋቢ ለውሻ? ሰው ምን ይላል?"

"ሰውማ ተዝካሩን በልቶ ሄደ። የቀረው እሱ ነው።"

ቆራርጬ ሞላሁት። ቡላ ቀርቦ አሸተተው፤ ብዙ ቆይቶ ተኛበት።

እማዬ አጠገቡ ተቀመጠች። "ቶሎ አትጠቢው" አለችኝ ቀስ ብላ። "ጠረኑ ትንሽ ይቆይልን።"

ጌታው የሞተበት ውሻ ቤታችሁ ካለ፣ እንዴት እንዳጽናናችሁት ጻፉልኝ። እኔ ከዚህ በላይ አላወቅሁም።