የካፒቴኖው ዋስ

ቡሬ ላይ በተተከለው የጣሊያን ጽሕፈት ቤት አስተርጓሚ ሆኜ የገባሁበት ቀን ዝናብ ነበር። አሥመራ ውስጥ አራት ዓመት ጎማ ስፈታ የለቀምኩትን ጣሊያንኛ ይዤ ነው ወደ አገሬ የተመለስኩት። ብሎንና መፍቻን በጣሊያንኛ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ሕግና አዋጅ ግን በየትኛውም መኪና ሆድ ውስጥ አላጋጠሙኝም። ቢሆንም ስሜን ልየው ብለው መዝግበው ቀጠሩኝ። የተሻለ ሰው አላገኙማ።

የተቀበለኝ የበታች ሹም በማዕረጉ ማሬሻሎ ይባል ነበር። ሦስት ሕግ ነገረኝ፦ "አትጨምር፣ አትቀንስ፣ አትሳቅ።"

ሦስተኛውን ያፈረስኩት ከምሳ በፊት ነው። አንድ ባላገር በቅሎው ጠፍታበት ሊያመለክት ቀረበ። ማሬሻሎው ቅጹ ላይ "የአባት ስም" የሚል መስመር ስላየ የበቅሎዋን አባት ስም ጠየቀ። እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ ጠየቅሁለት። ባላገሩ ትንሽ አሰበና "ፈረስ አጎቷ ነው፣ ሌላውን ተወው በለው" አለኝ። ሳቄን መመለስ አቃተኝና ለሁለት ቀን ግቢ እንድጠርግ ተፈረደብኝ።

ሌሎቹን ሁለት ሕጎች ያፈረስኩት ግን በጨዋነት ነው። ይህን የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

የሥራ ዕቃዬ ጥቂት ነበር፤ አንድ እርሳስ፣ አንድ ደብተር፣ ማኅተምና የማኅተም ቀለም። አስተርጓሚ ከአለቃው በስተግራ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ይቆማል። ቦታዬ እንዳይጠፋኝ ወለሉ ላይ በኖራ ምልክት አድርገውልኝ ነበር።

የሁላችንም አለቃ ካፒቴኖው ነበር፤ በእኛ አጠራር ሻምበል። ይህ ሰው ከወረቀት ይልቅ የሚያስበው ስለ ዓሣ ነው። ከአገሩ ያመጣው በሦስት የሚገጣጠም ዘንግ፣ የሐር ክርና በቆርቆሮ ሣጥን የተደረደሩ መንጠቆዎች ነበሩት። አስካሪ የሚባሉት፣ ከሌላ አገር የመጡ ወታደሮቹ ጠመንጃ ቢዝግ ይቆጣል፤ መንጠቆው ቢዝግ ግን ይታመማል። ደግ ሰው ነበር አልልም። ዘንጉን በሚይዝበት እጁ የግርፋት ትእዛዝ ሲፈርም አይቻለሁ።

ከቡሬ ወጣ ብሎ ፈጣም ወንዝ ሰፋ ብሎ የሚተኛበት ጥልቅ ኩሬ አለ። ያ ኩሬ የራሱ ሹም ነበረው። የውኃ አባት ይባላል፤ የመስኖ ተራ የሚያካፍል፣ ቦይ የሚያስጠርግ፣ ዓሣ የሚያዝበትን ቀን የሚቆርጥ፣ አገሬው የመረጠው ሰው ነው። ያን ጊዜ የውኃ አባት አያ አንለይ ነበሩ። ቀጭን፣ ነገራቸው ቀስ ያለ ሽማግሌ ናቸው። በቀስታ የተናገሩት ነገር ግን ቶሎ አይነቀልም።

ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል ሽቅብ ስለሚወጣ ኩሬው ከሐምሌ ጀምሮ ይዘጋል። መስቀል ካለፈ በኋላ እሳቸው በቆረጡት ቀን አገሬው የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ይዞ ይወርዳል። ብርብራው ዓሣውን ያሰክረዋል፤ ሲንሳፈፍ በቅርጫት ይለቀማል። መጀመሪያ ለአራስና ለደካማ ይሰጣል፤ የተረፈውን ሌላው ይካፈላል።

ካፒቴኖው በመጣ በመጀመሪያው ክረምት ኩሬው ዳር ካለው የሾላ ግንድ ላይ ማስታወቂያ አስለጠፈ። ማኅተም ያለበት ፈቃድ ያልያዘ ሰው ከፈጣም ዓሣ እንዳይዝ፣ ብርብራም እንዳይነሰንስ፣ ያፈረሰ አርባ ጅራፍ። ለራሱም ፈቃድ ጻፈ። ራሱ አመለከተ፣ ራሱ መረመረ፣ ራሱ ፈቀደ። ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ አያ አንለይን አስጠራቸው። "መንደሩ ዓሣ መያዝ ከፈለገ በዚህ ወረቀት ያመልክት በለው" አለኝ።

አያ አንለይ ወረቀቱን ተቀብለው ገለባበጡትና መለሱልኝ። "ልየው፣ ልጄ፣ ውኃው ማንበብ አይችልም በልልኝ። ደግሞስ እሳቸው ኸማን አስፈቅደው ነው? ኩሬው ተዘግቷል። እስተ መስቀል የንጉሥ ልጅም ቢሆን አይነካው።"

እኔ ጎጃሜ ነኝ። ሽማግሌና ሹም ሊላተሙ ሲሉ መሐል ገብቶ ማለዘብ ማንም ሳያስተምረኝ ያደግሁበት ነው። ለካፒቴኖው "ሽማግሌው ጤናዎን ይጠይቃሉ፤ ስለ ወረቀቱ ያመሰግናሉ፤ ውኃውም ደህና ነው ይላሉ" አልኩት። ካፒቴኖው ደስ አለው። "እንግዲያው ነገ ጠዋት እወርዳለሁ በለው" አለ። እኔም ለአያ አንለይ "ያስቡበታል" አልኳቸው።

ሁለቱም ፈገግ ብለው ተለያዩ። ያን ቀን እንደ እኔ ያለ አስተርጓሚ ቢፈለግ አይገኝም ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

በማግሥቱ ካፒቴኖው አራት አስካሪዎችና እኔን አስከትሎ ወረደ። ዘንጉን ገጣጠመ፣ ክሩን ጣለ። ብዙም ሳይቆይ ከወንዙ ዳር "በሕግ አምላክ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ይህ ቃል የተጠራበት ሰው የጀመረውን እርምጃ እንኳ አይጨርስም። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ካፒቴኖው ግን ሰላምታ መስሎት እጁን አወዛወዘ።

አያ አንለይ ቀረብ አሉ። የጋቢያቸውን ጫፍ ከካፒቴኖው ኮት ጫፍ ጋር ቋጠሩት። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ እስኪያገኙ እንዲህ ተቆራኝተው ይሄዳሉ፤ ለእኛ ተራ ነገር ነው። ለአስካሪዎቹ ግን ተራ አልነበረም፤ ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። ሽማግሌው በእኔ ማለዘብ ምክንያት እዚያው ሊገደሉ ነው ብዬ ፈራሁ።

"ምን እያደረገ ነው?" አለ ካፒቴኖው።

"ከሰውዎታል" አልኩት። "ዳኛ እስኪገኝ እንዲህ ታስራችሁ ትቆያላችሁ። ያገሩ ሕግ ነው።"

ቋጠሮውን አየ፣ ሽማግሌውን አየና ከት ብሎ ሳቀ። "የዚህ አገር ዳኛ እኔ ነኝ!"

"ተከሳሽ ዳኛ አይሆንም በላቸው" አሉ አያ አንለይ።

"ታዲያ ዳኛው ማን ነው?"

"መንገድ ላይ የተገኘ፣ ሁለታችንንም የሚሰማ ሰው።" ሽማግሌው ዙሪያቸውን ቃኙና ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። "ልየው፣ የኔንም የሳቸውንም አፍ የሚሰማ ካንተ በቀር ማን አለ? በሕግ አምላክ፣ ዳኘን።"

በሕግ አምላክ የተጠየቀ ሰው አልዳኝም አይልም። ካፒቴኖውም ከወረቀት የተሻለ ጨዋታ አግኝቷልና "ይፍረድ፣ ይፍረድ" እያለ ይስቃል። ጠመንጃዎቹን አስወረደ። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

"እስከ መስቀል ማግሥት" አልኩ፣ አንዴ በአማርኛ አንዴ በጣሊያንኛ፣ "ካፒቴኖው ክር አይጥሉም፤ አያ አንለይና መንደራቸውም ወረቀት አይጠየቁም። ሁለታችሁም ዋስ ጥሩ።"

ከማዶ እርሻ ላይ ቆሞ ሲሰማ የነበረ ጎረቤታቸው "ለአያ አንለይ እኔ አለሁ!" ብሎ ጮኸ።

ካፒቴኖው ደረቱን ነፍቶ "የእኔ ዋስ የሮማ ንጉሥ ናቸው" አለ።

"ደግ ነው" አሉ አያ አንለይ። "እሳቸው የጠፉብን እንደሆነ ንጉሡን የት ወርደን እንይዛቸዋለን?"

ይህንን ማለዘቢያ አጣሁለትና እንዳለ ተረጎምኩት። ካፒቴኖው ወደ አስካሪዎቹ ዞረ። እነሱ መሬት መሬት አዩ፤ ያገሩ ሰዎች ስላልሆኑ ዋስ መሆን አይችሉም። ወደ እኔ ዞረ። ዳኛ ዋስ አይሆንም አልኩት። ፈገግታው ቀስ በቀስ ከፊቱ ወረደ። ያን ሁሉ ጠመንጃ ከኋላው አሰልፎ "እኔ አለሁ" የሚለው አንድ ሰው አጣ።

"በቃ እኔ ዋስ እሆናቸዋለሁ" አሉ አያ አንለይ።

"ከሳሹ እርስዎ?" አልኳቸው።

"እንግዳ ናቸው። ሰው ኸእኛ አገር መጥቶ ዋስ አጣ ቢባል ነውሩ የማን ነው?" አሉና ቋጠሮውን ፈቱ።

ካፒቴኖው ዋስ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። "እርስዎ ቃልዎን ቢያፈርሱ እሳቸው ይታሰራሉ" አልኩት። እጁን ዘረጋና ሽማግሌውን ጨበጣቸው።

መስቀል ሊገባ ስምንት ቀን ሲቀረው የበር ጠባቂው ጠራኝ። አያ አንለይ አንድ ስልቻ በሶ አንግተው፣ የተጠቀለለ ገመድ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ልታሰር መጣሁ" አሉኝ።

"ምን አጥፍተው ነው አያ?"

"እኔማ ምን አጠፋሁ። ያጠፉት ዋስ የሆንኩላቸው ሰው ናቸው።" መዳፋቸውን ከፈቱ። ውስጡ የሐር ክር ያለበት መንጠቆ አለ። "ኸሾላው ሥር ተሰክቶ አገኘሁት።"

"ይመለሱ በእግዜር፤ እኔ በዘዴ እነግርልዎታለሁ።"

"ያንተን ዘዴማ አየነው። 'ያስቡበታል' ብለኸኝ በማግሥቱ አልነበር የመጡ?"

አፈርኩ። እስከ ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። አስገባኋቸውና ከኖራው ምልክት ላይ ቆምኩ። "ካፒቴኖ፣ አሁን የምናገረው የሽማግሌው ቃል ነው" አልኩ። "አልጨምርም፣ አልቀንስም።" ማሬሻሎው ከጽሕፈቱ ቀና አለ።

አያ አንለይ ተናገሩ፤ እኔም ቃል በቃል አሻገርኩ። "ቃልዎን በልተዋል። ዋስዎ እኔ ነኝ። የመንግሥት ገመድ እንዳይጎድል ገመዱን ከቤቴ ይዤ መጥቻለሁ። እሰሩኝ።"

እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ክፍል ተነግሮ አያውቅም። የካፒቴኖው ፊት ፍም መሰለ።

"አንድ ዓሣ ብቻ ናት" አለ።

"እንቁላል ይዛ ነበር?" ብለው ጠየቁ አያ አንለይ።

ካፒቴኖው መንጠቆውን እያየ ቆየ። "አዎ" አለ።

"እንግዲያው አንድ አይደለችም።"

ያቺን ዐረፍተ ነገር ስተረጉም የሚጨመርም የሚቀነስም እንደሌለባት ገባኝ። ካፒቴኖው "ያገሩ ሰው ቢሆን ቅጣቱ ምንድነው?" አለ።

"የተዘጋ ውኃ የነካ ሰው በመክፈቻው ቀን ድንጋይ ተሸክሞ የቦዩን ክትር ይጠግናል።"

"ጥሩ። አስካሪዎች እልካለሁ።"

"ዓሣዋን የበሏት አስካሪዎቹ ናቸው?" አሉ አያ አንለይ፣ ጤና እንደሚጠይቅ ሰው ድምፃቸውን አለስልሰው።

ካፒቴኖው ሽማግሌውን ሳያስር አሰናበተና መጀመሪያ ማስታወቂያውን በገዛ እጁ ከግንዱ ላይ ነቀለ። በመክፈቻው ቀን ደግሞ መጣ። ሰባት ድንጋይ ተሸከመ። በአምስተኛው ቦት ጫማው አዳልጦት እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገባ። አገሬው በሙሉ ሳቁን ዋጠ፤ ሹም ፊት ሳቅ መዋጥ ያውቅበታል። እኔ አቃተኝ። ሦስተኛውን ሕግ ለሁለተኛ ጊዜ አፈረስኩ። ካፒቴኖው ዞሮ አየኝና እሱም ሳቀ። ዓሣው ሲከፋፈል ከአራስ፣ ከደካማና ከመንደሩ ሰው ሁሉ በኋላ ተራው ደረሰና አንድ ትንሽ አምባዛ ተሰጠው። ከዚያ ወዲያ የፈጣም ሰው ፈቃድ ተጠይቆ አያውቅም።

በተከታዩ ዓመት ካፒቴኖው ተዛወረ፣ አገሩም ሸፈተ። አያ አንለይ ዛሬ ፍኖተ ሰላም በሚባለው፣ ያኔ ወጀት በምንለው አገር በኩል ከነበሩት አርበኞች ጋር ተቀላቀሉ። እኔ ዘገየሁ። ምክንያቱን አላሳምርም፤ ፈርቼ ነው።

በመጨረሻ ከጽሕፈት ቤቱ ጠፍቼ ወደ እነሱ ስሄድ የአርበኞቹ ጠባቂዎች ያዙኝ። "የጣሊያን አፍ" አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። እጄን የፊጥኝ አስረው አለቃቸው ፊት አቆሙኝ።

"ዋስ ጥራ" አለኝ አለቃው።

የከበቡኝን ሰዎች አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም ዓይኑን መለሰ። ካፒቴኖው ያን ቀን ከኩሬው ዳር ምን ተሰምቶት እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

"እኔ አለሁ" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

አያ አንለይ ጠመንጃቸውን ተደግፈው ወደ ፊት መጡ። "ኸዚህ ቀደም ለካፒቴኖው ዋስ ሆኜ ጉድ አድርጎኛል" አሉ ለአለቃው። "ይኼኛው እንኳ ዓሣ አይወድም።" ሰዉ ሳቀ። እጄን ሲፈቱልኝ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "አደራ ልየው፣ ገመዱን እንደገና እንዳታሸክመኝ" አሉኝ።

አላሸከምኳቸውም። ከነጻነት በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በፍርድ ቤት ከልጅነቴ ከማውቀው አገውኛ ወደ አማርኛ አስተርጉሜያለሁ። ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው፤ የተባለውን በተባለበት ልክ አሻግሩ። እናንተ ባለዘባችሁት ቃል ሌላ ሰው ይታሰርበታል።