ተራ ቁጥር አሥር

ቅድም የእህቴ ልጅ ከቦሌ የጫማ መደርደሪያ ገዝቶልኝ መጣ። መደርደሪያ ይበሉት እንጂ በካርቶን የታሸገ ጣውላና አንድ ከረጢት ብሎን ነው። ካርቶኑን ስቀደው የሰጋቱራና የማሽን ዘይት ሽታ ፊቴ ላይ ቦነነ። ከሥሩ አንድ ወረቀት ወጣ። ፊደል የሚባል ነገር የለበትም፤ አፍ የሌለው ሰውዬ ብሎን ሲያጠብቅ የሚያሳይ ሥዕል ብቻ።

«አክስቴ፣ ተዪው ባክሽ፣ ስልኬ ላይ አይቼ እገጥመዋለሁ» አለኝ ልጁ።

እኔ ግን ወረቀቱን እንደያዝኩ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ሽታ አፍንጫዬን ይዞ ወሰደኝ።

ስሚኝማ ወዳጄ፣ ልንገርሽ። ዛሬ የምኖርበት ገርጂ በደርግ ጊዜ እርሻ ነበር። ክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ በጋ አቧራው ዓይን ያጠፋል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ነበረ፤ የሙያ ማሠልጠኛ ይሉታል። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ጣራው ይንቀጠቀጣል፤ መምህሩም የጀመረውን ቃል አፉ ውስጥ እንደያዘ ድምፁ እስኪርቅ ይጠብቃል። በጣራው ቀዳዳ የሚገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ እንደ ሳንቲም ይበተናል። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር ዘርግቼ የማነብ ልጅ ነበርኩ። አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ የምበልጥ ይመስለኝ ነበር። ይመስለኝ ነበር ነው የምልሽ።

መምህራችን ውጭ አገር ስድስት ወር ተምሮ የመጣ ሰው ነው። ስድስቱን ወር ስድስት ዓመት አድርጎ ሲያወራው ነው የሚውለው። አንድ ቀን ለቀበሌው የልብስ ስፌት ማኅበር ባለ እግር የስፌት መኪናዎች ከወዳጅ አገር በሣጥን መጡ፤ እያንዳንዱ ተፈታቶ፣ ሰጋቱራ ውስጥ ተቀብሮ። አብሮት ያለው መመሪያ የተጻፈው ደግሞ መምህሩ በተማረበት አገር ቋንቋ ነው። ገለጥ ገለጥ አደረገውና፣ «ሕትመቱ ደብዛዛ ነው» ብሎ አስቀመጠው። ስድስት ወር!

በአንድ ቡድን ያለነውን አምስታችንን ጠራን። «የመመረቂያ ሥራችሁ ይኼ ነው። አንዱን አብረን እንገጥማለን። ከዚያ እንፈታዋለን። ከዚያ እናንተ በአማርኛ የአገጣጠም መመሪያ ትጽፋላችሁ፤ መኪና ገጥሞ የማያውቅ ሰው በጻፋችሁት ይፈተናል። ሲፈተን ማንም አይናገርም፣ ማንም እጁን አያስገባም። የሚናገረው ወረቀቱ ብቻ ነው» አለን። በሕይወቱ አንድ ደህና ነገር ቢናገር ይቺን ነው።

መምህሩ ሲገጥም የመኪናውን እግር ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ሁለቱ የብረት እግሮች መሀላቸው በሚጋደም ማገር በብሎን ይያያዛሉ። ግን ብሎኖቹ መጀመሪያ ላላ ብለው ነው የሚቆዩት፤ መርገጫው ከሁለቱ እግሮች መሀል የሚገባው እግሮቹን ትንሽ ከፈት አድርጎ ነው። መርገጫው ቦታውን ሲይዝ ያን ጊዜ ሁሉም ይጠብቃል። ማንም አልነገረኝም፤ ብረቱ መዳፌ ውስጥ ሲለጠጥ በእጄ አውቄዋለሁ።

ወደ ቡድናችን ሰብሳቢ ልምጣልሽ። ካኪ ኮት ይለብሳል፤ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፤ ከሦስቱ የሚጽፈው አንዱ ነው። ሲናገር አንገቱን እንደ አውራ ዶሮ ያወጣል። መኪናው ሲገጠም ግሪስ እንዳይነካው በሩ ጋ ቆሞ ነው ያየው፤ ያውም ካየው።

«ጓዶች፣ ሥራው በእኩልነት ይከፋፈላል» አለ። ሃያ አምስት ተራ ቁጥር፣ ለአምስት ሰው፣ አምስት አምስት። ማንም የማንንም ድርሻ አይነካም። መኪና እንደ ዳቦ ሲቆረስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከአንድ እስከ አምስት ያለውን ራሱ ወሰደና በማግስቱ ቆሞ አነበበልን። «ተራ ቁጥር አንድ። የምርት መሣሪያውን የሠርቶ አደሩን ጥቅም በሚያስጠብቅ አኳኋን በማያወላዳ ስፍራ ማኖር።»

ከመካከላችን አንድ ቀልደኛ ልጅ ነበር። «ጓድ ሰብሳቢ፣ መኪናዋ ትሰፋለች ወይስ ስብሰባ ትመራለች?» አለ።

ሳቅን። ሰብሳቢው በምትጽፈዋ እስክሪብቶ የልጁን ስም ደብተሩ ላይ አሰፈረ። ሳቃችን እዚያው ደረቀ። ዘመኑ እንዲያ ነበር፤ ሥራ የማይችል ሰው ስም መጻፍ ይችል ነበር።

ከስድስት እስከ አሥር የእኔ ድርሻ ነበር። ሰባት ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ብረቱን እንደ ሕፃን ፊት በንጹሕ ጨርቅ አባብለሽ ጥረጊው፤ ውሎ አድሮ ስፌትሽ ይመሰክርልሻል።» ወደድኩት። እየደጋገምኩ ለራሴ አነበብኩት። ምሳዬን ስበላ ሳይቀር በልቤ እለው ነበር። ስምንትና ዘጠኝ ማገሩን ማጋደምና ብሎኖቹን ማስገባት ሆኑ። አሥር ላይ ስደርስ ነው ነገሩ የመጣው። አሥር ላይ «ላላ አድርገሽ ተዪው» ብዬ ብጽፍ፣ መርገጫው ከገባ በኋላ «አሁን አጥብቂ» የሚል አንድ መስመር ያስፈልጋል። መርገጫው ደግሞ የቀልደኛው ልጅ ተራ ቁጥር አሥራ አንድ ነው። እሱ አምስቱ ሞልተውበታል።

«አንድ ቁጥር ጨምሩልኝ» አልኩ።

«ስድስት ልትወስጂ ነው? እኩልነቱስ፣ ጓድ?» አለ ሰብሳቢው። ከዚያ ወረቀቴን ሳበና አየው። «ይቺን የጨርቅ ነገር ሰርዢያትና በቦታዋ ይግባልሽ።»

አየሽ፣ ያ ደንቆሮ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ትክክል ሆነ፤ ያን አንድ ጊዜ ደግሞ እኔ ላይ ጣለው።

«አልሰርዝም» አልኩት። «ከዚህ ሁሉ ወረቀት አማርኛ የሆነው እሱ ብቻ ነው።»

ቀልደኛው አፏጨ። ሌሎቹ አቀረቀሩ። እኔም ተናድጄ እስክሪብቶዬን አነሳሁና ጻፍኩ፦ «ተራ ቁጥር አሥር። ብሎኖቹን በሙሉ ጉልበትሽ አጥብቂ።» መርገጫው እንቢ ሲላት የምትፈተነዋ መልሳ ታላላዋለች፣ ይኼ ያልገባት ሴት ምኑን መኪና ነካች፣ አልኩ በልቤ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት። ሰብሳቢውን ዕድሜ ልኬን ስንቀው ኖሬያለሁ፤ የዚያን ቀኑ ንቀት ግን የእኔ ነበር።

የሚፈተኑት ሴት የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። እትዬ እንላቸዋለን። በእናቴ ዕድሜ ናቸው፤ እኛ ግን «እትዬ፣ ውሃ አምጪ፣ እትዬ፣ ይኼን ጥረጊ» እያልን በአንቺታ ነበር የምናዛቸው። መጥረጊያ ስለያዙ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረንም። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የስፌት ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ቦርሳ ከብብቷ የማይለያት ሴትዮ፣ የመኪናዎቹ ተንከባካቢ የሚሆን ሰው ትፈልግ ነበር፤ ሣጥኖቹን የሚከፍት፣ የሚገጥም፣ ዘይት የሚያጠጣ፣ ወረቀት ማንበብ የሚችል። «እዚህ ፊቴ ወረቀቷን እያነበብሽ መኪናውን ከገጠምሽ ቦታው ያንቺ ነው» አለቻቸው። «ካልሆነም እንግዲህ ሌላ እንፈልጋለን።»

እትዬ ያን ሰሞን ወለሉን ሲወለውሉ ያንጎራጉሩ ነበር። በሳሙና የተሰነጣጠቀ እጃቸውን እያሳዩኝ፣ «ልጄ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ልሠራ ነው እኮ! ጉልበቴ ሲሚንቶ ሊረሳ ነው» አሉኝ። እኔም፣ «እንዴታ፣ የጻፍነው እኛ አይደለን!» አልኳቸው።

የፈተናው ቀን ከሰዓት ነበር። መምህሩ፣ ሊቀመንበሯ፣ እኛ አምስታችን ግድግዳውን ተደግፈን ቆመናል። እትዬ እጃቸውን ታጥበው፣ የታጠበ ነጠላ አገልድመው ገቡ። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። የሰብሳቢው ተራ ቁጥር አንድ ላይ አማጡ። «የም… ርት… መሣ… ሪያ…» ሰብሳቢው አንገቱን እያወጣ በከንፈሩ ይከተላቸዋል። አልፈውት ሄዱ። ጨርቁ ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው ፈገግ አሉ። «እንደ ሕፃን ፊት! ይቺን የጻፈ ይባረክ» አሉ፤ ብረቱንም በእውነት እንደ ሕፃን ፊት ጠረጉት። ደስታዬን አትጠይቂኝ፤ እስከ ጆሮዬ ሞቀኝ።

ከዚያ ተራ ቁጥር አሥር። «በሙሉ… ጉልበትሽ… አጥብቂ።» መፍቻውን ያዙ። ዕድሜ ልክ ወለል የወለወለ ክንድ ነው፣ ምን ልበልሽ፣ ብረቱ ሲጮህ ተሰማን። አራቱንም አጠበቁ። ላባቸውን በክንዳቸው ጠረጉና ወደ አሥራ አንድ ሄዱ። «መርገጫውን ከሁለቱ እግሮች መሀል አስገቢ።»

አልገባም።

አዙረው ሞከሩት። ገልብጠው ሞከሩት። ወረቀቱን መልሰው አነበቡ፤ ጣታቸውን ከቃል ቃል እያሻገሩ፣ አንድም ሳይዘሉ። በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። አውሮፕላን አለፈ፤ ጣራው ተንቀጠቀጠ፤ ሁላችንም እስኪያልፍ ቆምን። ካለፈ በኋላ ቀና ብለው አዩን። እኔን ነው ያዩት። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ «ላላ» ማለት። ሕጉ አትናገሪ ይላል አልኩና ጣራው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች መቁጠር ጀመርኩ። ሕግ እንዲህ አክብሬ አላውቅም።

ብሎኑን ማላላት ለምን አላሰቡም ትያለሽ? ወረቀቱ አጥብቂ ብሏላ! ለእሳቸው የተጻፈ ነገር ልክ ነው፤ የሚሳሳተው አንባቢው ነው። ፊደል ያስቆጠሯቸውም እንደ እኔ ያሉ ናቸው።

ሊቀመንበሯ ቦርሳዋን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረች። «በቃ እትዬ፣ አትድከሚ» አለች። በሩን ሳትዘጋው ወጣች።

እትዬ መርገጫውን ወለሉ ላይ በቀስታ አኖሩት። ነጠላቸውን ፈቱና ሰጋቱራውን ሊጠርጉ መጥረጊያ ፍለጋ ወጡ። እሳቸው እንደወጡ ቀልደኛው ልጅ መፍቻውን አንስቶ ሁለት ብሎን አላላ። መርገጫው ልክክ ብሎ ገባ። እጁን ዘርግቶ፣ «እነሆ ተአምር!» አለ። ማንም አልሳቀም። ሁላችንም አየን፤ መምህሩም አየ።

«ይኼ ሪፖርት ውስጥ አይገባም» አለ ሰብሳቢው። እዚያው ቆሞ ጻፈ፦ መመሪያው በጥራት የተዘጋጀ ሆኖ ሳለ የተፈታኟ የንባብ ችሎታ ዝቅተኛ በመሆኑ ሙከራው አልተሳካም። መምህሩ ኮፍያውን አስተካከለ፤ ውጭ አገር እያለ እንዲህ ያለ ችግር ገጥሞት እንደነበር ነገረን። ከዚያ በየተራ ፈረምን። የእኔ ፊርማ ያምራል፤ የዚያን ቀኑ ግን ከሁሉም ያምር ነበር። ከፍተኛ ውጤት ተሰጠን። ማሠልጠኛውን ከጨረስኩ በኋላ አንድም ቀን ክፍል ገብቼ አልተማርኩም፤ የማውቀውን ሁሉ ራሴ ከመጽሐፍ የለቀምኩት ነው። ያቺን የአፈራረም ትምህርት ግን እዚያ ነው ያገኘሁት።

የእህቴ ልጅ አሁን ሳሎን ውስጥ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ጣውላውን ያንኳኳል። አንዲት ብሎን ተረፈችኝ እያለ ይስቃል። ይሳቅ።

በማግስቱ ጠዋት አዳራሹ ስደርስ እትዬ ተንበርክከው ወለሉን ይወለውሉ ነበር። ማንጎራጎር የለም። የበረኪናው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ሲያዩኝ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣሉና እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ። ከመቀነታቸው ውስጥ ወረቀቱን አወጡ፤ አራት ቦታ ታጥፏል።

«ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ፣ ያን ሁሉ የደከማችሁበትን አበላሸሁባችሁ» አሉኝ። «ወረቀታችሁ ጥሩ ነበር። የእኔ ጭንቅላት ነው። ጠዋት ስመጣ መንገድ ለመንገድ እያነበብኩ መጣሁ፣ የሳትኩበት ጠፋኝ። እስቲ አንቺ አሳዪኝ፣ የቱ ጋ ነው? እንድማርበት ነው።»

አጠገባቸው ተንበረከክኩ። ሲሚንቶው እርጥብ ነበር። ጣቴን ዘረጋሁ። በአሥር ላይ አለፍኩ፤ እግዜር ያየኛል፣ እያየሁት አለፍኩት። ምንም ያልሳቱበት፣ ቀጥ አድርገው የሠሩት ተራ ቁጥር ስምንት ላይ አኖርኩት።

«እዚህ ጋ» አልኳቸው።

ጎንበስ አሉ። የእሳቸው ጣት ከእኔ ጣት አጠገብ መጣ። ሦስት ጊዜ አነበቡት፤ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ እያንዳንዷን ፊደል እየረገጡ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አዬ ጉድ! እውነትሽን ነው። እንዴት አላየሁትም?» አሉ። ወረቀቱን መልሰው አጠፉት። ከዚያ በክንዴ ይዘው ከወለሉ አነሱኝ። «ተነሺ ልጄ፣ ተነሺ፣ ቀሚስሽ ይረጥብብሻል።»