የባየው ምሳ

ይታይሽ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንዲት ክፍል ቤቷ የጎረቤት ልጆች ትጠብቃለች። እናቶቻቸው ፋብሪካ ውለው እስኪመለሱ ታበላለች፣ ታጥባለች፣ ታስተኛለች። ቀትር ሲያልፍ ጉልበቷ ይዝላል።

ከሁሉ ያደከማት የሦስት ዓመቱ ባየው ነው። እናቱ እናናየሁ በሹራብ ላይ ሹራብ ደርባለት ታመጣዋለች።

«እትዬ፣ ብርድ እንዳይመታው ደጅ አታውጪብኝ። ሲበላም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሪልኝ፤ የሰው ዓይን ይበላዋል።»

ባየው ግን ግድግዳውን እያየ አንድ ጉርሻ ያላምጥና ይተፋዋል። ሰሞኑን እናቱ «እንዲህ ከከሳማ ቤት ቆልፌበት ብሄድ ይሻላል» ማለት ጀምራለች።

ትናንት ይታይሽ ለመከራከርም ለመታዘዝም አቅም አጣች። ሹራቦቹን አወለቀችለትና ከልጆቹ ጋር ግቢ ውስጥ ለቀቀችው። የጨርቅ ኳስ ሲያባርር አረፈደ። የክክ ወጡ በድንችና በካሮት ተሠርቶ ሲቀርብ ከልጆቹ መሀል ተሰግስጎ ተቀመጠ።

«የኔን ካሮት ወሰደብኝ!» እያለ ይሻማ ጀመር። ለካ ሰው ከሰው መሀል ሲቀመጥ ነው የሚርበው!

ፈረቃዋ የተቀየረባት እናናየሁ በዚያው ሰዓት በሩ ላይ ደረሰች።

«እትዬ! በሰው ፊት?»

«አዎ፣ በሰው ፊት» አለች ይታይሽ፣ ከተደገፈችበት ሳትነሳ። «የምትወስጂው ከሆነም መጀመሪያ ይጨርስ።»

ባየው ቀና እንኳ አላለም። እናናየሁ ወደ ልጇ ቀረበች። ከዚያ ጎንበስ አለችና ነጠላዋን ዘርግታ ልጇንም፣ ትሪውንም፣ የሰውንም ልጆች አንድ ላይ ከሰው ዓይን ከለለቻቸው።