ለኤዶ የተረክኋቸው ልብ ወለዶች

ጅቡቲ የገባሁት ወደ የመን ለመሻገር ነበር። ከኮምቦልቻ አብራኝ የመጣችው ጓደኛዬ ተሻገረች፤ እኔ ግን ባሕሩን ሳየው ፈራሁና ቀረሁ። በሰው በሰው ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባል ሰፈር አጠገብ አንዲት አሮጊት ቤት ሥራ ተገኘልኝ። ሴትዮዋ ሶማሌ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የፈረንሳይኛ መምህርት። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው አግብታ እዚያው ከተማ ሌላ ሰፈር ትኖራለች። በመጀመሪያው ቀን “ማዳም” ብዬ ስጠራቸው፣ “ማዳም የምባለው ትምህርት ቤት ነበር። ኤዶ በይኝ” አሉኝ። ኤዶ በእነሱ ቋንቋ አክስት ማለት ነው።

የሳሎኑ አንድ ግድግዳ ሙሉውን የፈረንሳይኛ የወንጀል ልብ ወለድ ነበር። አቧራውን እኔ እጠርጋለሁ እንጂ የሚያነበው ሰው አልነበረም። ኤዶ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ሰው በድምፁ ነበር የሚለዩት።

እኔም ማንበብ እወዳለሁ። ማዕከላዊ ገበያ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥ አንዲት የድሬዳዋ ሴት ነበረች፤ ባቡሩ ከእቃዋ ጋር ያገለገሉ የአማርኛ ልብ ወለዶችም በካርቶን ያመጣላት ነበር። እኛ ደንበኞቿ ያነበብነውን መልሰን ሌላ እንወስዳለን። ምርጫ ብሎ ነገር የለም፤ እጅ የገባው ይነበባል።

አንድ የሐምሌ ቀን ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆመ። ለሁለታችንም እንቅልፍ አልመጣም። የገጽ ድምፅ ሰምተው ነው መሰለኝ፣

“ምንድን ነው የምታነቢው?” አሉኝ።

“ልብ ወለድ ነው፣ ኤዶ።”

“ሰው ይሞትበታል?”

“ሞቷል።”

“ማን ገደለው?”

“ገና አልደረስኩበትም።”

“እንግዲያው ከመጀመሪያው ንገሪኝ፤ አብረን እንድረስበት።”

የእኔ ፈረንሳይኛ የወጥ ቤትና የገበያ ነበር። የጎደለውን በዓረብኛ እሞላለሁ፤ እሱም ሲያልቅብኝ ተነስቼ እንደ ተዋናይ አሳያለሁ። ታሪኩ የአንድ ወፍጮ ቤት ባለቤት ሞት ነው። ሰውየው ሐሙስ ጠዋት እቤቱ ሞቶ ተገኘ። ሚስቱ አለች፣ ታናሽ ወንድሙ አለ፣ ያባረረው ሠራተኛ አለ። አንድ ጡረታ የወጣ ፖሊስ እየዞረ ሁሉንም ያነጋግራል። በየቀኑ ከሰዓት አንድ ምዕራፍ እነግራቸው ጀመር። ኤዶ ወዲያው ሠራተኛውን ጠረጠሩ፤ ቆይተው ወደ ሚስትየው ዞሩ። ወንድምየው ግን አምርሮ ስላለቀሰ እሱን ማንም አልነካውም።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳነብ ደነገጥኩ። ፖሊሱ ወንድምየውን የያዘው በአንድ ቁርስ ነው። ወንድምየው ገና በመጀመሪያው ጥያቄ፣ “ረቡዕ ጠዋት አብረን እንቁላል ፍርፍር በልተን በሰላም ተለያየን” ብሎ ነበር። ሟቹ ደግሞ አንድም ረቡዕ ሳይጾም የማያልፍ ሰው ነው። ደራሲው ይህችን ቁርስ በወሬ መካከል፣ ስለ ዝናብና ስለ እህል ዋጋ ሲያወሩ፣ እንደ ዋዛ ጣል አድርጓታል። እኔ ደግሞ ምን ይጠቅማል ብዬ ዘልያታለሁ!

ሌላ መንገድ አልነበረኝም፤ ሄጄ ነገርኳቸው። ኤዶ ከፍራሻቸው ቀና አሉ።

“አንቺ ልጅ! ማስረጃ ደበቅሽብኝ?”

“ትንሽ ነገር መስላኝ እኮ ነው፣ ኤዶ።”

“ረቡዕ እኔ ቤት እንቁላል እንደማትበዪ አላውቅም? ብትነግሪኝ ኖሮ ያን ጊዜውኑ አንቄ እይዘው ነበር!”

ሁለት ቀን አኮረፉኝ። ለእኔ ግን ያ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ ካነበብኳቸው ሁሉ ይበልጥብኛል። ተመልሼ ስገልጠው አንድም ትርፍ ነገር አጣሁበት። የሚወጣ ድንጋይ የሌለው ካብ ነው፤ አንዱን ከነቀልሽ ሁሉም ይናዳል። ከዚያ ወዲህ ልተርከው የያዝኩትን መጽሐፍ እያንዳንዷን ሳህንና ጫማ እያየሁ ማንበብ ጀመርኩ።

ቀጥሎ የመጣው የሩጫና የማምለጥ ታሪክ ነበር። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ አለቃዋ የሚሠራውን የኮንትሮባንድ ሥራ ትደርስበትና በጭነት መኪና ወደ ጅቡቲ ትሸሻለች። ሳነበው ምግብ እስኪያርብኝ ድረስ ይዞኝ ነበር። ሲተረክ ግን ወዲያው ወዲያው አለቀ። ኤዶም፣ “ጠረፉ ላይ ያለውን ፖሊስ ለምን አልነገረችውም?” ብለው ጠየቁኝ። ደራሲውም ራሱ ያሰበበት አይመስለኝም። በዚያ ላይ ልጅቷ ጅቡቲ ደርሳ ከመኪናው ስትወርድ ብርድ መትቷት ሹራብ ትለብሳለች። ወደቡ ዳር ለምለም ሣር ላይ ትቀመጣለች። ኤዶ ላብ በላብ ሆነው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

“ይሄ ሰው እዚህ መጥቶ አያውቅም!”

ቢሆንም ያን መጽሐፍ አላማውም፤ አንድ ምዕራፍ ብቻውን ያስመሰግነዋል። ልጅቷ ሾፌሩ በአለቃዋ የተገዛ ይሁን አይሁን አታውቅም። በረሃ መሐል መኪናውን ያቆምና ብርቱካን በቢላዋ ይልጥላታል። ቀስ ብሎ፣ ልጣጩ ሳይቆረጥ። ደራሲው ለገጾች ያህል ከዚያ ቢላዋ ላይ ዓይናችንን አያነሳም። እዚያ ስደርስ ኤዶ እጄን ያዙ።

“ቢላዋውን አስቀመጠው?”

“ገና ነው።”

“አስቀመጠው በይኝ እንጂ!”

ፍቅር የሚባለውን ግን መስማት አይፈልጉም ነበር። “የልጃገረድ ነገር ነው፤ ገዳይ የሌለበት መጽሐፍ ምን ያደርጋል?” ይላሉ። በአንድ ወቅት ግን ካርቶኑ ውስጥ ከፍቅር በስተቀር ሌላ ጠፋ። የያዝኩት የአንዲት ነርስና የአንድ ሰዓት ጠጋኝ ታሪክ ነው። ነርሷ የግድግዳ ሰዓቷን ታስጠግናለች። ከወር በኋላ ያንኑ ሰዓት “ተበላሸብኝ” ብላ ታመጣለች። ሰውየው ከፍቶ ሲያየው ምንም አልሆነም። ዝም ብሎ ይቀበላታል፤ ጥቂት ቀን ያቆይና “ተሠርቷል” ብሎ ይመልስላታል። እንደገና ታመጣለች። የመጽሐፉ እኩሌታ በዚህ ብቻ ይሄዳል፤ “እወድሻለሁ” የሚል ቃል የለበትም።

ከማጣጥፈው ልብስ ቀና ብዬ ሳይ ኤዶ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረዋል። የደበራቸው መስሎኝ፣ “ልተወው?” አልኳቸው።

“ባለቤቴ ፈረንሳይኛ ማንበብ አይችልም ነበር” አሉ። “ወደብ ላይ ነው የሚሠራው። ከመርከበኞቹ መጽሐፍ እየገዛ ያመጣልኛል። ሽፋኑ ላይ ሽጉጥ ካየ ይገዛል። አንዱን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ አምጥቶልኛል።”

ሦስቱን ቅጂ አውቃቸዋለሁ፤ አቧራ ስጠርግ ለምን ጎን ለጎን እንደተደረደሩ ይገርመኝ ነበር።

“አልነገሯቸውም?”

“ምን ብዬ? አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሳነብ ያየኛል። ሦስቱንም ጊዜ እንደ አዲስ አነበብኩለት። መጨረሻው ላይ ‘ጥሩ ነበር?’ ይለኛል፤ ‘በጣም’ እለዋለሁ።” ከዚያ፣ “ቀጥይ። ሰዓቱን መልሳ አመጣችው?” አሉኝ።

የዚያ መጽሐፍ መጨረሻ ለቅሶ በዝቶበታል፤ ደራሲዋ ሠርጉ ላይ ለመድረስ ቸኩላለች። ግን ያቺን ዝምታ የጻፈች ሴት ምንም ብታጠፋ ይቅር እላታለሁ። ኤዶም ከዚያ በኋላ የልጃገረድ ነገር ማለታቸውን ተዉ።

ባቡሩ መምጣት ባቆመበት ሰሞን ልጃቸው ሐኪም ቤት ወስዳ ዓይናቸውን አሠራችላቸው። ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነበር፤ “ቀጭን ትመስዪኝ ነበር” አሉኝ። ወዲያው መደርደሪያቸው ጋ ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ማንበብ ሆነ ሥራቸው። ደስ አለኝ፤ ግን ቤቱ ጭር አለብኝ። ለማንም የማልተርከውን መጽሐፍ ሳነብ ልቤ ይበተን ጀመር።

አንድ ሳምንት እንደዚያ ከቆየን በኋላ ልብስ እየተኮስኩ ሳለ ወንበራቸውን ሳቡና አጠገቤ ተቀመጡ።

“አሁን ተራው የእኔ ነው። ገዳዩ ሐኪሙ ነው” ብለው ጀመሩ።

“ኤዶ! ታዲያ ምን ቀረኝ?”

“ገና ሁሉም ይቀርሻል። ዝም ብለሽ ስሚ።”

እውነታቸውን ነበር። ሐኪሙ ለሟች ሚስት ሻይ ሲቀዳላት፣ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሲያጽናናት፣ እሷ የማታውቀውን አውቄ ሰውነቴን ይሰቀጥጠኝ ነበር። በሌላኛው መጽሐፍ ግን ገዳዩን እንዳይነግሩኝ ለመንኳቸው። ቃል ገቡ፤ እኩሌታው ላይ ሲደርሱ አላስቻላቸውም። በሦስተኛውም እንዲሁ።

በመጨረሻ እሳቸውን መለመን ትቼ ከመደርደሪያው አንድ ቀጭን መጽሐፍ አውርጄ በራሴ ማንበብ ጀመርኩ። መዝገበ ቃላታቸውን አዋሱኝ። በየመስመሩ እቆማለሁ፤ አንድ ገጽ ከሰዓቱን ሙሉ ይፈጅብኛል። አትክልተኛውን ጠርጥሬ፣ ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም ብዬ እርግጠኛ ሆኜ ነበር። መጨረሻው ላይ ስደርስ እሱ አይደለም። ያልጠበቅኩት ሰው ነው፤ ያውም ከፊቴ ቆሞ የነበረ። ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ ጮህኩ።

ኤዶ ከሳሎን፣ “ማንን ጠርጥረሽ ነበር?” አሉኝ።

“አትክልተኛውን!”

“እኔም እሱን ነበር!” አሉና ሳቃቸውን ለቀቁት። ስሳሳት እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።