የሲተና ቶርኖ

የኸለፈላ የለቅሶ ድንኳን በተነሣ በማግስቱ ወንድሙ አብደልባጊ ባዶ ጆንያ በትከሻው ጣል አድርጎ የሟቹ ሚስት የሲተና ግቢ ገባ። ዓይን ያወጣ ሰው ነው። ነገሩ ዝርፊያ እንዳይመስልበት ግን የሰፈሩን ሽማግሌ ዓም ወዳዓን አስከትሏል። ሲተና የመበለት ነጭ ልብሷን ለብሳ ከመጋረጃ ኋላ ተቀምጣለች። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም፣ ባዕድ ወንድ ደግሞ አይገባባትም። ሱዳን፣ አትባራ ከተማ ውስጥ ይህን «እስር» ይሉታል። ስለዚህ ንግግሩ ሁሉ በመጋረጃ ነበር።

«ቶርኖው የአባቷ የኡስታ ጁባራ ነው፣ አልካድኩም» አለ አብደልባጊ። «የማሽኑን ሬሳ ትውሰድ። ማርሾቹን ግን ከፖርት ሱዳን ድረስ ሄዶ የገዛቸው ወንድሜ ነው። የሷን ድርሻ በዋጋ አስቀምጥላታለሁ።»

ዓም ወዳዓ ምራቃቸውን የዋጡ ሰው ናቸው። ነገሩን ቢያገላብጡትም የውርስ ሕጉ ያው ሕግ ሆነባቸው። «ልጄ፣ ምን ትያለሽ?» አሉ ወደ መጋረጃው።

«ይውሰድ» አለች ሲተና።

አብደልባጊ ማርሾቹን አንድ በአንድ እየፈታ ጆንያው ውስጥ ጣላቸው። ሲወጣ መጋረጃው አጠገብ ቆም አለና ድምፁን አለሰለሰ። «የወንድሜ ሚስት፣ አትዘኚ። እስርሽ ሲያልቅ ገዥ ይዤልሽ እመጣለሁ። ብሎን የማያወጣ ቶርኖ ለቁራሌ ነው የሚሆነው፣ ቢሆንም ደህና ዋጋ አስወጣልሻለሁ።»

ሰውየው ሒሳቡን ጨርሶ ነው የመጣው። ቶርኖ ማርሽ ከሌለው ብረት ያሽከረክር ይሆናል፣ ይልግም ይሆናል፤ ነገር ግን የሚሽከረከረው ዘንግና ስለቱ እኩል ስለማይራመዱ ብሎን አይቆርጥም። የአትባራ ሥራ ደግሞ ብሎን ነው። ከወንዙ ዳር ገበሬ የሚመጣው የውሃ ሞተሩ ብሎን ሲበላበት ነው። ሲተና ገበያ ወጥታ ማርሽ ልትፈልግ አትችልም፣ ወንድ ሠሪም ቤቷ አይገባም። አብደልባጊ ቶርኖውን በቁራሌ በኩል በርካሽ ገዝቶ፣ ጆንያውን መልሶ ገጥሞበት፣ በሙሉ ዋጋ ሊሸጠው ነበር ሐሳቡ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ አብደልባጊ ያልጠረጠረው ሲተናን ነው።

እንዴትስ ይጠርጥራት? ኡስታ ጁባራ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው፣ የባቡር ወርክሾፑ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ የገዙትን ያንን የእንግሊዝ ቶርኖ ያስተማሩት ሴት ልጃቸውን ነው። ኸለፈላ በኋላ መጣ፣ መጀመሪያ ተማሪያቸው፣ ቀጥሎ አማቻቸው ሆነ። ደህና ሰው ነበር፣ እጁ ግን ወፍራም ነው። ረቂቁን ሥራ ሲተና ከውስጥ ትጨርሰዋለች፣ እሱ በር ላይ ወጥቶ «እነሆ፣ ሠራሁልህ» እያለ ያስረክባል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖሩ። እሷም ቤት ይቁም ብላ ዝም አለች። አሁን መጋረጃዋ ኋላ ተቀምጣ በሞተው ባሏ ተናደደች፣ ለቅሶዋ ገና ሳይደርቅ አምርራ ተናደደችበት። አንድ ቀን እንኳ «ሚስቴ ናት የሠራችው» ብሎ ቢሆን ኖሮ የትኛው ደፋር ነው ጆንያ ይዞ የሚመጣው?

በሳምንቱ ጎረቤቷ ሃጃ ሱረያ ገንፎና ወጥ ይዘው ሲገቡ፣ መበለቲቱን ከገመድ አልጋዋ ከአንገረቡ ሥር ተንበርክካ የአባቷን የነሐስ ቁርጥራጭ ስትጎትት አገኟት።

«አንቺ ልጅ! ሰው ምን ይላል? መበለት ቁርኣን ትቀራለች እንጂ ብረት ትጎትታለች?»

«አትውጪ ነው የተባልኩት ሃጃ። አትሥሪ ያለኝ የለም። ይልቅ የቶርኖውን ቀበቶ በእጅዎ ይሳቡልኝ፣ ሞተሩን ካስነሣሁት መንገደኛው ሁሉ ይሰማል።»

ሃጃ ሱረያ «አዑዙ ቢላሂ» እያሉ ሳቡ። ወገባቸውን እያማረሩ፣ የአብደልባጊን ዘር እየረገሙ ሳቡ። በሚቀጥለው ቀን ሁለት ሴቶች ጨምረው መጡ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሴቶች ቀበቶ ሲስቡ ዋሉና የነሐሱ ቁራጭ ክብ ሆነ።

ክቡ ቀላሉ ነው፤ ጭንቁ ጥርሱ ነው። ስድሳ ጥርስ እኩል እኩል ካልተከፈለ ማርሹ ይነክሳል። በወርክሾፕ ለዚህ የሚሆን መክፈያ ማሽን አለ፣ ሲተና ያላት የሟቹ ብስክሌት ነው፤ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ቆሟል። አላህ ሳይደግስ አይጣላም። ካቴናውን ፈታች። የካቴና ቀለበት ሁሉ ርቀቱ አንድ ነው፤ ስድሳ ቀለበት ቆጥራ ዙሪያውን ገጠመችና ካቴናው ልክክ ብሎ እስኪቀመጥበት አንድ ክብ ጣውላ ላገች። ጣውላውን ከዘንጉ ጀርባ፣ ነሐሱን ከፊት አሰረች። ሚስማር ቀለበቱ ውስጥ ሲገባ ዘንጉ ቀጥ ይላል። ስለቱን በእጇ ወዲያ ወዲህ እየገፋች አንድ ጥርስ ታወጣለች፣ ሚስማሩን ትነቅልና ወደሚቀጥለው ቀለበት ታልፋለች። ስድሳ ቀለበት፣ ስድሳ ጥርስ።

ሁለት ቀን ሙሉ ገፍታ የመጀመሪያውን ማርሽ ጨረሰች። ስትገጥመው በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ቀጭ ይላል። አውጥታ ብትመለከት አንዱ ጥርስ ቀጭን ነው። ካቴናውን በጣቷ ብትዳብስ ነገሩ ተገለጠላት። ኸለፈላ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ተበጥሶበት የሌላ ብስክሌት ቀለበት ቀጥሎበት ኖሯል።

«ነፍስህን ይማረውና፣ ሞተህም እጅህን ከሥራዬ አታወጣም?» አለችው ጮክ ብላ። ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ዕንባዋ መጣ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ቀበሩት ከተባለችበት ቀን የበለጠ አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ ማርሹን ቆሻሻ ውስጥ ወረወረችው።

አዲስ ካቴና ያመጡት ሃጃ ሱረያ ናቸው። ባላቸው ከሰዓት በኋላ ሲያንቀላፉ ከብስክሌታቸው ላይ ፈትተው በነጠላቸው ጠቅልለው አመጡት። ባልየው ሦስት ወር ሙሉ ሌባ እየረገሙ መስጊድ በእግራቸው ተመላለሱ፣ ሃጃም አብረው «አሜን» ይላሉ።

ባለ ስድሳ ጥርሱ ወጣ፣ ባለ አርባውም ወጣ። የአርባ አምስቱ ማርሽ ግን አስቸገረ። ካቴና አንዱ ቀለበት ሰፊ አንዱ ጠባብ ነውና በጎዶሎ ቁጥር አይገጥምም። አራት ቀን አሰበች፣ ምግብም አስጠላት። በአምስተኛው ቀን እቃ እያጠበች ሳለ ብድግ አለች። ዘጠና ቀለበት ገጥማ፣ አንዱን እየዘለለች ብትቆርጥስ? ቆረጠች። አርባ አምስት ጥርስ፣ አንዱ ካንዱ ሳይበልጥ ሳያንስ ወጣ።

እስሯ ያበቃ ዕለት ሴቶቹ እንደ ወጉ ዓባይ ወርዳ ፊቷን እንድትታጠብ ማልደው መጡ። «ዓባይ ይቆየኝ» አለችና ሞተሩን አስነሣች። አብደልባጊ መንገዱን ሳይሻገር ድምፁን ሰማ። አንድ ቁራሌ ገዥና ዓም ወዳዓን አስከትሎ ሲገባ ስለቱ ብረቱ ላይ ሲራመድ ደረሰ። ሲተና ብሎኑን ፈትታ ለሽማግሌው ሰጠቻቸው። ዳዶ ገጥመው በጣታቸው ቢያዞሩት ያለ ኮሽታ እስከ ጫፉ ሄደ።

«ይሄማ የጁባራ እጅ ነው» አሉ ዓም ወዳዓ ዓይናቸው እርጥብ ብሎ።

አብደልባጊ ሦስቱን የነሐስ ማርሾች ትክ ብሎ አያቸው። ፊቱ ጠቆረ፣ ቀጥሎ አፉን ከፈተ። «ይሄን የሠራው ማነው? ሴት እንዳልሠራችው ሁላችንም እናውቃለን። በእስርሽ ወራት የትኛው ወንድ ነው እዚህ ግቢ የገባው?»

ሃጃ ሱረያ ጫማቸውን አወለቁ፣ ሊወረውሩት ነው። ሲተና እጃቸውን ያዘች። እንዲህ ያለ ቃጠሎ በባሏ ሞት ቀን እንኳ አልተሰማትም። ይህ ስም ከተለጠፈባት ቶርኖውም ከንቱ ነው፤ ሐሜት ያለበት በር ላይ ገበሬ ብሎን ይዞ አይቆምም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝም ያለችው ዝምታ አሁን ተነሥቶ የመሰከረው በራሷ ላይ ነው።

«ማዪልኝ ልጄ፣ ለእኔ ይበቃኛል» አሉ ዓም ወዳዓ በቀስታ።

«አልምልም! ምን አጠፋሁና ነው የምምለው?» አለች ሲተና። ሞተሩን አጠፋች። «ለሌላ ዓይነት ብሎን የሚሆነው ባለ ሰማንያ ጥርሱ ማርሽ ገና አልተሠራም። ዓም ወዳዓ፣ አንገረቡ ላይ ይቀመጡ። አንተም ተቀመጥ።»

ቁራሌው «እኔ የሞተ ብረት አለ ተብዬ ነው የመጣሁት» ብሎ ጭነት መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ሲተና አዲስ የነሐስ ክብ አሰረች፣ ሰማንያ ቀለበት ገጠመች፣ ሚስማሯን ሰካች። የመጀመሪያው ጥርስ ሲወጣ አብደልባጊ አጉረመረመ። በአምስተኛው ሰዓቱን አየ። በሃያኛው አጥሩ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ የውሃ ሞተር ያላቸው ገበሬዎች ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ዓም ወዳዓ ዙህርን ሰግደው ተመልሰው ተቀመጡ። ሴቶቹ ሻይ አመጡ፣ ለአብደልባጊም ሰጡት፤ ስኳር ግን ረሱበት። የአስር ሶላት ሲደርስ የሲተና መዳፍ ውኃ ቋጥሮ ፈንድቶ ነበር፣ እሷ ግን ቀና አላለችም።

አብደልባጊ ተነሣ። «እሺ፣ አመንኩ። አንቺው ነሽ። ይበቃል» አለ ወደ አጥሩ እያየ። «ጆንያውንም ልመልስልሽ እችላለሁ፣ ድሮም ላንቺ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።»

«ይበቃል ልጄ፣ ሁሉም አየ» አሉ ዓም ወዳዓም።

«ጆንያህን ሽጠው» አለች ሲተና፣ ዓይኗ ከነሐሱ ሳይነቀል። «ዓም ወዳዓ ፊት ወንድ ገባባት ብለሃል፤ እሳቸው ፊት እስከ ሰማንያ ትቆጥራለህ። ስንት ደረስን?»

አብደልባጊ ጎንበስ ብሎ ጥርሶቹን ቆጠረ። «ሃምሳ ሦስት» አለ።

«አልሰማሁም። አጥሩ ላይ ያሉትም አልሰሙም።»

«ሃምሳ ሦስት!»

ሲተና ሚስማሩን ነቅላ ወደሚቀጥለው ቀለበት አለፈች።