ማኅበርተኞቹ ያመጡት ኩባያ

ልጄ ሲናደድ ይነክሳል፤ ያገኘውን ይወረውራል። «ቅጪው»፣ «ጠበል ውሰጂው» ያላለኝ የዘንዘልማ ሰው የለም። ሁለቱንም አድርጌያለሁ። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ያለኝ ግን አልነበረም።

የማርያም ማኅበር ቤቴ በዋለ ቀን፣ ልጄ ብርጭቆ ወርውሮ የአንዷን ማኅበርተኛ ግንባር ፈነከተ። አፍሬ ከማኅበሩ ቀረሁ።

በዓመቱ ተራዬ ሲደርስ ሳልጠራቸው መጡ፤ ጠላውን ራሳቸው ጠምቀው፣ ዳቦውን ተሸክመው። ያቺው የተፈነከተችው ሴት ከዘንቢሏ የፕላስቲክ ኩባያዎች አውጥታ ደረደረች። ልጄ አንዱን ከግድግዳ ጋር አላተመው። ክው አልሁ። እሷ አንሥታ መልሳ ሰጠችውና፣ «አንቺ ተቀመጪ፤ ዛሬ እሱን በየተራ እንይዘዋለን» አለችኝ።

ጠላ ቀዱልኝ። ስቀበል ኩባያው ከእጄ አመለጠኝ። የዚያን ቀን ጠላ የደፋው ልጄ አይደለም፤ እኔ ነኝ።