በያጁና የሐኪሙ ቃል

ሆስፒታሉ ውስጥ የአስተርጓሚዋን ስም የሚጠራ የለም። ነርሶቹ ሲቀልዱባት «ባለሁለት ምላሷ» ይሏታል፤ ስቃ ታልፋቸዋለች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የውጭ አገር ሐኪሞችን እንግሊዝኛ ለታካሚ፣ የታካሚውን ሕመም ለሐኪሞቹ ስታደርስ ኖራለች። የሥራዋ ሕግ አንድ ነው፤ ከራስ ቃል አለመጨመር፣ ከሰው ቃል አለማስቀረት።

አሁን የምታስተረጉምለት ዶክተር ጠዋት ጠዋት ከአልጋ አልጋ ሲያልፍ እግረ መንገዱን ጣል የሚያደርጋት የእንግሊዝኛ ቃል አለችው፤ «ሃንግ ኢን ዜር»። እሷም ብዙ ሳታስብ «አይዞህ»፣ «አይዞሽ» እያለች ትከተለዋለች።

አንድ ማክሰኞ መስኮቱ ሥር የተኙት ሽማግሌ በያጅ መርፌውን እምቢ አሉ። ሁለት ወር ተወግተው ክንዳቸው ጠቁሯል። ከእንግዲህ ቤቴ ውሰዱኝ ብለው ቆርጠዋል። ባለቤታቸው ወደ ግድግዳው ዞረው ቆመዋል። ዶክተሩ የሽማግሌውን ትከሻ ነካ አድርጎ ያችኑ ቃል አላቸው።

«አይዞዎት፣ አባባ» አለች።

«አይዞህማ በር ላይ ያለው ዘበኛም ይለኛል፣ ልጄ። እሱ ያለውን ንገሪኝ።»

ይህን ሁሉ ዓመት ስንቱን ሰው ግማሽ ቃል አቀብላ አልፋለች! አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታስረዳቸው ጀመር። ትልቅ ቃል አይደለም፤ ጓደኛሞች ስልክ ሲዘጉ ይባባሉታል፣ ፈተና ለከበደው ተማሪ፣ አለቃው ላስመረረው ሠራተኛ ይባላል። ቃል በቃል ግን «እዚያው ተንጠልጥለህ ቆይ» ማለት ነው፤ ውስጡ የተንጠለጠለ ሰው አለ። እጁ ዝሏል። ተናጋሪውም መዛልህን አይቻለሁ፣ ገና አትልቀቅ ይለዋል።

«እንደሚተርፍ ግን ቃል አይገባለትም» አለች፤ ይቺንም ላለማስቀረት።

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ጣሪያ ላይ ተንጠልጥለው ብረት ሲበይዱ የኖሩ ናቸው። «ታች የቆመው ሰው መሰላል ሊያመጣ ነው ወይስ ዝም ብሎ ያየኛል? ጠይቂው» አሉ።

እንዳለ ተረጎመችው። ዶክተሩ የያዘውን ወረቀት አስቀመጠ፤ ወንበር ስቦም ተቀመጠ። መሰላሉ ይድረስ አይድረስ አላውቅም አለ። መርፌው ዐሥር ቀን ከቀጠለ በኋላ የደም ምርመራው መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን ይለያል፤ ለውጥ ከሌለ መርፌውን ራሱ አቁሞላቸው ቤታቸው ይሸኛቸዋል። እሷም «አላውቅም» ያለውን ሳታለሰልስ አደረሰች።

ሽማግሌው የዶክተሩን ፊት አዩ።

«ዐሥር ቀን እይዛለሁ» አሉ፤ ክንዳቸውንም ዘረጉ።

ባለቤታቸው ከግድግዳው ተመልሰው እጅጌያቸውን ቀስ አድርገው ጠቀለሉላቸው።